ስለ ተሰረዘው የማክሰኞ ማታ ትምህርትና በምትኩ ስለ ታደለው አንድ ገጽ ወረቀት፦ ለዜግነት እርዳታ ጽሕፈት ቤታችን ቦርድ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የቦርዱ ሰብሳቢና አባላት፦

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ የዜግነት አመልካቾች ቅጽ የምንሞላ፣ የምናስጠናና በቃለ መጠይቁ ዕለት አብረን ገብተን የምናስተረጉም ዘጠኝ በጎ ፈቃደኞች ነን። የጽሕፈት ቤቱን ስም ያልጠቀስነው ሥራው እንዳይደናቀፍ ብለን ነው፤ ደብዳቤው ለማን እንደ ተጻፈ እናንተ አይጠፋችሁም። ባለፈው ወር በአንድ ኢሜይል እንደ ተነገረን፣ ለሁለት ዓመት ማክሰኞ ማታ ስንሰጠው የቆየነው የአንድ ሰዓት ተኩል ትምህርት፣ ማለትም የአሜሪካ ኮሚኒስት ፓርቲን ታሪክና በዜግነት ቅጹ ላይ ያለው የፓርቲ አባልነት ጥያቄ ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳው ክፍል፣ «ከፈተናው ጋር ግንኙነት የለውም» ተብሎ ተሰርዟል። በምትኩም አንድ ገጽ የአማርኛ ወረቀት ተዘጋጅቶ እንድናድል ታዘናል። ውሳኔው ሲወሰን ከእኛ አንድ ሰው እንኳ አልተጠየቀም፤ ሁለት ጊዜ በቃል፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ አቤት ብለን መልስ ስላላገኘን ነገሩን በአደባባይ ለማቅረብ ተገደናል።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እናስረዳ። ቅጹ አመልካቹ በዕድሜው ሙሉ፣ በየትኛውም የዓለም ክፍል፣ የኮሚኒስት ወይም የፍጹም አምባገነን ፓርቲ አባል ሆኖ፣ ወይም ከእንዲህ ያለ ፓርቲ ጋር በማናቸውም መንገድ ግንኙነት ኖሮት እንደ ሆነ ይጠይቃል። ብዙ አመልካች ይህን ጥያቄ በአፍታ ያልፈዋል። በደርግ ዘመን ለአካለ መጠን የደረሰ ኢትዮጵያዊ ግን እዚህ ላይ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ገበሬ ማኅበር፣ አኢሴማ (የሴቶች ማኅበር)፣ አኢወማ (የወጣቶች ማኅበር)፣ መኢሠማ (የሠራተኞች ማኅበር) ወይም ገዥው ፓርቲ ኢሠፓ፣ በሌላው ወገን ደግሞ የግራ ፓርቲዎቹ ኢሕአፓ ወይም መኢሶን ያልነካው ቤት ማግኘት ይቸግራል።

የታደለው ወረቀት የሚጀምረው «ይህ ጥያቄ ድሮ የነበረን አንድ የአሜሪካ ፓርቲ የሚመለከት ነው፤ ፓርቲው ዛሬ የለም» በሚል ዐረፍተ ነገር ነው። ሁለቱም ነገር ስሕተት ነው። ፓርቲው ዛሬም አለ፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ኒው ዮርክ ሲሆን መቶኛ ዓመቱን በ2019 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በተወለደባት በቺካጎ ጉባኤ ተቀምጦ አክብሯል። ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በገነነበት በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ እንኳ አባላቱ 100,000 አልሞሉም። ሕጉም በእሱ ብቻ ሳይወሰን የየትኛውንም አገር ኮሚኒስት ፓርቲ ይጨምራል። ይህን ያህል ሰፊ ሕግ ያን ያህል አነስተኛ ፓርቲን በመፍራት እንዴት ሊወጣ ቻለ የሚለው ነበር የማክሰኞው ትምህርት።

ፓርቲው በ1919 ሲመሠረት ሁለት ሆኖ ነው የተወለደው፤ ጆን ሪድ ያሉበት ቡድን አንዱን፣ ቻርልስ ሩተንበርግ ያሉበት ሌላውን በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ከተማ መሠረቱ፣ ለመዋሐድም ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። (የኢሕአፓንና የመኢሶንን ክርክር ያሳለፉ ተማሪዎቻችን እዚህ ላይ ሳይስቁ አያልፉም።) አብዛኞቹ አባላት እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ስደተኞች ነበሩ። ሩሲያውያኑ፣ ሊቱዌንያውያኑ፣ ዩክሬናውያኑና ፖላንዳውያኑ እያንዳንዳቸው በአሜሪካ ሶሻሊስት ፓርቲ ውስጥ በየቋንቋቸው ማኅበር ነበራቸው። እነዚህ ማኅበራት ከሶሻሊስቱ ተነጥለው ወደ አዲሱ ፓርቲ ሲዛወሩ የአባላቱ ስም ዝርዝርም አብሮ ተዛወረ። ጥር 2 ቀን 1920 የፍትሕ ሚኒስትሩ የሚቸል ፓልመር ሰዎች ከ30 በሚበልጡ ከተሞች በአንድ ሌሊት ወጥተው በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞችን ሲያፍሱ፣ ከተያዙት ብዙዎቹ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል መሆናቸውን የሰሙት ከፖሊስ ነበር። የስደተኞች ጉዳይ በዚያን ጊዜ በሠራተኛ ሚኒስቴር ሥር ስለ ነበር ዶሴዎቹ የደረሱት በዚያ መሥሪያ ቤት በምክትልነት ያገለግሉ በነበሩት በሉዊስ ፖስት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሽማግሌው ፋይሉን አንድ በአንድ እያነበቡ፣ ሳያውቅና ሳይፈቅድ ስሙ የተዛወረ ሰው አባል ሊባል አይችልም ብለው ከ1,000 በላይ የማባረር ትእዛዞችን ሰረዙ። ለዚህም በምክር ቤት ቀርበው ሊከሰሱ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ስለ ፖስት ይህን ያህል የጻፍነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ጸደይ አንዲት የ71 ዓመት እናት ወደ እኛ መጥተው ነበር። በቦርሳቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለች፣ ሽፋኗ የወለቀ ትንሽ ደብተር ነበረች፤ የቀበሌያቸው የሕብረት ሱቅ ደብተር። በየወሩ ስኳር ይላል፣ ሳሙና ይላል፣ ከጎኑ የሱቁ ሠራተኛ ፊርማ አለ፤ አንድ ገጽ ላይ ዘይት ፈሶ ቀለሙን በልቶታል። በመጨረሻው ገጽ ደግሞ የአኢሴማ መዋጮ ሃምሳ ሳንቲም በሃምሳ ሳንቲም ተመዝግቧል። ስብሰባ የቀረች ሴት ስኳሯ ይቆይ ስለ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ ሦስት ልጆች ስለ ነበሯቸው፣ ስብሰባ አይቀሩም ነበር። አንድ ቀን ሊቀ መንበር ሆነሻል ተባሉ፤ ማን እንደ መረጣቸው እስከ ዛሬ አያውቁም። ትምህርቱ ከተሰረዘ በኋላ ወረቀቱ ሲሰጣቸው የመጨረሻውን መስመር፣ «ሁላችሁም የለም ብላችሁ መልሱ» የሚለውን፣ ሁለት ጊዜ አስነበቡንና «እንግዲህ በመሐላ የምናገረው እኔ የማውቀውን ነው ወይስ ይህ ወረቀት የሚለውን?» ሲሉ ጠየቁ። የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣ እኛ መልስ አልነበረንም። እናንተም ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?

መልሱ በሕጉ ውስጥ አለ፤ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። ዋናው ቅሬታችንም ይኸው ነው። የዜግነት ሕጉ የሚከለክለው ከማመልከቻው በፊት ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ አባል የነበረን ሰው ነው። ያለ ፈቃዱ አባል የሆነ፣ 16 ዓመት ሳይሞላው ገብቶ ሳይሞላው የወጣ፣ በሕግ አስገዳጅነት የተመዘገበ፣ ወይም ሥራ፣ የምግብ ራሽንና ሌላ ለኑሮ የግድ የሆነ ነገር ለማግኘት ሲል የገባ ሰው ደግሞ በክልከላው ውስጥ አይወድቅም። የምግብ ራሽን የሚለው ቃል እንዳለ በሕጉ ውስጥ ተጽፏል፤ ከ1950ው የውስጥ ደኅንነት ሕግ መውጣት በኋላ ኮንግረስ በ1951 ነገሩን ሲያብራራ ያመጣው ነው። የእኚህ እናት ደብተር የእፍረት ሰነድ መስሏቸው ሠላሳ ምናምን ዓመት ደበቁት፤ ሕግ አዋቂ ቢያየው ግን ማስረጃቸው ነው። ከኢሠፓ ጋር የነበረ ግንኙነትም ድርጅቱ ከተበተነ ከ10 ዓመት እጅግ ስለሚበልጥ፣ እውነቱን ተናግሮ ማስረዳት ለአብዛኛው አመልካች ከውሸት የሚሻል መንገድ ነው። ጥያቄው «በዕድሜህ ሙሉ» ስለሚል ግን ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነውን ነገር መካድ ራሱን የቻለ አዲስ ጥፋት ይሆናል።

ይህም በግምት የተነገረ አይደለም። አንድ የቀድሞ መምህር በ1978 ዓመተ ምሕረት የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ለመሆን ሲሉ ኢሠፓ ገብተው ነበር። ወረቀታችሁን አንብበው ቅጹ ላይ «የለም» የሚለውን ምልክት አደረጉ፤ በቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ሥራ ታሪካቸው ሲጠየቁ ግን ሐቀኛ ሰው ናቸውና ሹመቱን እንዴት እንዳገኙ ተናገሩ። ኦፊሰሩ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም አለ። አብሯቸው የገባው አስተርጓሚ ከእኛ አንዱ ሲሆን፣ ያን ዝምታ እስከ ዛሬ እንደሚሰማው ይናገራል። ፋይላቸው ታግዷል፤ የሕግ ባለሙያ የቀጠሩትም ከጡረታ ገንዘባቸው ነው።

የትምህርቱ መሰረዝ የሚያስከትለው ሌላው ጉዳት በተቃራኒው በኩል ነው። ገና በ14 ዓመቱ በኢሕአፓ የወጣት ሊግ ወረቀት አድሎ በቀይ ሽብር ጊዜ የታሰረ አንድ ሰው «ግንኙነት» የሚለውን ጥያቄ ሲያይ የቀበሌ መርማሪ ፊት እንደ ተቀመጠ ሆኖ ተሰማው፣ ማመልከቻውንም ትቶ ሄደ። ባለፈው ዓመት የማክሰኞውን ትምህርት ሲከታተል የአሜሪካ ፍርድ ቤት ራሱ ስለ አባልነት ምን ብሎ እንደ ነበር ሰማ፤ ጠበቃ አማከረና ተመልሶ አመለከተ። ዛሬ ቢመጣ የሚያገኘው አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ወረቀቱ በቅጹ ላይ ያለውን «ግንኙነት» «ደጋፊ» ብሎ ተርጉሞታል፤ በአማርኛ ደጋፊ ማለት ልቡ የወደደ ማለት ሲሆን ሕጉ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው።

ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ይህን ለማስረዳት የ1940ዎቹን ታሪክ መናገር ግድ ይላል። «የስሚዝ ሕግ» የሚባለው የ1940 ሕግ መንግሥትን በኃይል ለመገልበጥ የሚያስተምርን የሚያስቀጣ ነበር፤ ነገር ግን ኦፊሴላዊ ስሙ «የውጭ ዜጎች ምዝገባ ሕግ» ነው፤ ዕድሜው 14 የሞላ ዜጋ ያልሆነ ሰው ሁሉ አሻራ እንዲሰጥም ያዘዘ ሕግ ነው። ያወጣው እንደራሴ ሀዋርድ ስሚዝ በምክር ቤት የወከለው የቨርጂንያን ክፍል አሌክሳንድሪያን ይጨምር ነበር፤ ዛሬ ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ የሚመጡት ከዚያችው ከተማ ነው። በዚያው ሰሞን መንግሥት የዊልያም ሽናይደርማንን ዜግነት ለመሰረዝ ይከራከር ነበር። ሰውየው ከሩሲያ በሕፃንነቱ መጥቶ በ1927 ዜግነት አግኝቶ የነበረ የካሊፎርንያ የፓርቲው ጸሐፊ ነው። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለ ክፍያ ጥብቅና የቆመለት የሪፐብሊካኑ ፓርቲ የ1940 ፕሬዚዳንታዊ እጩ ዌንደል ዊልኪ ነበር፤ በ1943 ፍርዱ ለሽናይደርማን ሆነ። ዊልኪን የመሰለ የትልቅ ኩባንያ ሰው እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲይዝ ምን እንደ ተባለ መገመት አያስቸግርም።

ከዚያ በኋላ ነፋሱ ዞረ። 11 የፓርቲው መሪዎች በ1949 ኒው ዮርክ ላይ ተፈረደባቸው፤ የ1950ው የውስጥ ደኅንነት ሕግና የ1952ቱ የስደተኞች ሕግ ፕሬዚዳንት ትሩማን ሁለቱንም ውድቅ ቢያደርጓቸውም በኮንግረስ ድምፅ ጸደቁ፤ ዛሬ በቅጻችን ላይ ያለው ጥያቄም ከእነዚህ የመጣ ነው። ግሪካዊው ፒተር ሃሪሲያደስ በ1916 በ13 ዓመቱ ከአባቱ ጋር መጥቶ፣ በ1925 ፓርቲው ገብቶ፣ በ1939 ፓርቲው ራሱ የውጭ ዜጎችን ሲያስወጣ የወጣ ሰው ነው። ለመባረር ያበቃው የ1940 ሕግ የወጣው እሱ ፓርቲውን ከተወ በኋላ ሆኖ ሳለ በ1952 ጠቅላይ ፍርድ ቤት መባረሩን አጸደቀ። በትሪኒዳድ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ ሃርለም፣ ወደ ኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር፣ የመጣችው ክላውዲያ ጆንስ ዜግነት ጠይቃ ተከለከለች፣ ታሰረች፣ በ1955 መጨረሻ ወደ እንግሊዝ ተባረረች። በ1957 ግን ያው ፍርድ ቤት ሮወልት በተባለ ሽማግሌ ስደተኛ ጉዳይ ላይ፣ የአባልነቱ መነሻ እንጀራ ፍለጋ ከሆነና ትርጉም ያለው የፖለቲካ ትስስር ከሌለ አባል ነበር ተብሎ ሊባረር እንደማይገባው ወሰነ። ከፖስት ጠረጴዛ እስከ ሮወልት 37 ዓመት ነው፤ የእናታችን ደብተር የሚነበበውም በዚህ መስመር ላይ ነው።

አንድ የቦርድ አባል ትምህርታችንን «የኮሚኒስት ቅስቀሳ» ማለታቸውን ሰምተናል። ከመካከላችን ወንድሙን በቀይ ሽብር ያጣ አለ፤ እህቱ በኢሠፓ ካድሬ የተሰደደችበትም አለ። ስለ ፓርቲው የምናስተምረው ደግሞ ለማንም የሚያስጎመጅ አይደለም። በ1935 ጣልያን ኢትዮጵያን ሊወር ሲሰናዳ የሃርለም ኮሚኒስቶች ከሌሎች ጥቁር ማኅበራት ጋር ሆነው በሺህ የሚቆጠር ሰው ለሰልፍ አውጥተዋል። በቺካጎ ኦሊቨር ሎው የተባለ ጥቁር ኮሚኒስት ለኢትዮጵያ ሲናገር በዚያው ነሐሴ ተይዞ ታስሯል፤ በኋላ በስፔን የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞችን ሻለቃ መርቶ በ1937 ጦር ሜዳ ወደቀ። ይህን ስንናገር ክፍሉ ጸጥ ይላል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ለሙሶሊኒ ነዳጅ ትሸጥ እንደ ነበር፣ ፓርቲውም በዚህ ላይ ሞስኮን መንቀፍ እንዳልቻለና ብዙ የሃርለም ሰው በዚህ ምክንያት ፓርቲውን ትቶ እንደ ሄደ እንናገራለን። በነሐሴ 1939 ሂትለርና ስታሊን ሲዋዋሉ ፓርቲው የፀረ ፋሺስት መፈክሩን በአንድ ሰሞን አጣጥፎ አስቀመጠ፤ በ1944 መሪው ኧርል ብራውደር ፓርቲውን አፍርሶ ማኅበር አደረገው፣ በ1945 ከፈረንሳይ ኮሚኒስቶች አንድ ጽሑፍ ሲመጣ መልሶ ተቋቋመና ብራውደርን ከመሪነት አነሣ፣ በ1946ም አባረረው። በ1956 ክሩሽቼቭ የስታሊንን ወንጀል ሲናገርና የሶቭየት ታንክ ቡዳፔስት ሲገባ አባላቱ ጥለውት ወጡ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ10,000 በታች ቀሩ። ከ1958 ጀምሮ ከሞስኮ ገንዘብ ለፓርቲው እንዲደርስ ያደርግ የነበረው ሞሪስ ቻይልድስ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለኤፍ ቢ አይ (ለአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ) የሚሠራ ሰው ነበር፣ ጋስ ሆል ለዐሥርት ዓመታት ፓርቲውን ሲመሩ ይህን ሳያውቁ ነው። ይህን ሰምቶ ለአባልነት የሚመዘገብ ተማሪ እስካሁን አልገጠመንም።

«ከፈተናው ጋር ግንኙነት የለውም» ስለሚለው ብዙ አንልም። በፈተናው የጥያቄ ዝርዝር ውስጥ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ዋና ስጋት ምን እንደ ነበር ይጠየቃል፣ መልሱም ኮሚኒዝም ነው፤ ተማሪዎቻችን ይህን ቃል እንዲሸመድዱ እናደርጋለን። ቃሉ በራሳቸው ቅጽ ላይ ሲመጣ ግን አታስረዷቸው ተብለናል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። አንድ ገጹ ወረቀት ዛሬውኑ ከጠረጴዛው ይነሣ፤ እስካሁን የወሰዱት ሰዎች በመዝገብ ስላሉ በስልክ ተጠርተው፣ ቅጹን ገና ያላስገቡት ከማስገባታቸው በፊት፣ ያስገቡት ደግሞ ከቃለ መጠይቁ በፊት ጠበቃ እንዲያዩ ይደረግ። ፋይላቸው ለታገደባቸው መምህር የጠበቃውን ወጪ ጽሕፈት ቤቱ ይሸፍን፤ ስሕተቱ የእሳቸው አይደለምና። የማክሰኞው ትምህርት ይመለስ፤ ሰዓቱ በዝቷል ከተባለ ወደ አንድ ሰዓት ልናሳጥረው ፈቃደኞች ነን፣ 1920ን እና 1952ን ግን አንቆርጥም። በወር አንድ ማታ የስደተኞች ሕግ ባለሙያ በክፍሉ ይገኝ፤ እኛ አስተርጓሚዎች ነን እንጂ ጠበቆች አይደለንም፣ ማንን የሕጉ ልዩ ሁኔታ እንደሚያድነው መወሰንም የእኛ ሥራ አይደለም። አዲስ የአማርኛ ጽሑፍ የሚዘጋጅ ከሆነ ከመታተሙ በፊት በአንድ ጠበቃና ቢያንስ በሁለት አስተርጓሚዎች ይታይ፣ «ደጋፊ» የሚለው ቃልም ይውጣ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እስከሚመጣው ወር መጀመሪያ ማክሰኞ እንጠብቃለን። እስከዚያው ወረቀቱን አናድልም፤ እናታችንም ቀጠሯቸው ከመድረሱ በፊት ደብተራቸውን ይዘው ጠበቃ ዘንድ አብረናቸው እንሄዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የማክሰኞ ማታ ክፍል በጎ ፈቃደኛ አስተርጓሚዎችና አስጠኚዎች